የውሃ ቀለም ወይስ የቲነር ቀለም? ኦቨን ለሌለው ጋራዥ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ የላሜራና የቀለም ጋራዥ አለኝ። የምንረጨው በቆርቆሮ በተከለለና አንድ ማራገቢያ ብቻ ባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ኦቨን (የተቀባ መኪና በሙቀት የሚደርቅበት ክፍል) የለንም። እስካሁን ለአሮጌ መኪኖች ናይትሮ (ቲነሩ ሲተን ብቻ የሚደርቀውን የቆየ ዓይነት ቀለም)፣ ለአዳዲሶቹ ደግሞ በቲነር የሚቀጥን ቤዝና ክሊር እንጠቀማለን። አንድ የቀለም ነጋዴ ወደ ውሃ ቀለም እንድቀይር እየገፋፋኝ ነው። ሽታ ስለሌለው ማስክ አያስፈልገውም፣ ኦቨን አይፈልግም፣ የአዳዲስ መኪና ቀለም ያለ እሱ አይገጥምም ይላል። ሎስ አንጀለስ በቀለም ሥራ ላይ ያለው ወንድሜም እዚያ በቲነር መቀባት ከቀረ ቆየ ብሎኛል። ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?»

ምላሽ፦ አሁን ባለዎት ክፍል ውስጥ አይቀይሩ። ይህን የምለው የውሃው ቀለም ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ በብዙ ረገድ ከቲነሩ ይበልጣል። ነገር ግን ነጋዴው የነገረዎት ምክንያቶች ሁለቱ ስሕተት፣ አንዱ ግማሽ እውነት ስለሆኑ፣ በእነሱ ተማምነው ከቀየሩ ገንዘብዎን የሚያወጡት በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሚነጻጸረው ምን እንደሆነ ይለይ። በጥገና ጋራዥ ውስጥ «የውሃ ቀለም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ንብርብር ብቻ፣ ማለትም ቀለሙንና ሜታሊኩን (የአሉሚኒየም ብልጭታውን) የሚሰጠውን ቤዝ ነው። ከሥሩ ያሉት የመነሻና የመሙያ ሽፋኖች (ፕራይመርና ፊለር)፣ ከላዩ ያለው ክሊር የተባለው ቀለም አልባ ሽፋንም፣ በውሃ ቀለም በሚሠሩ አገሮች ጭምር በአብዛኛው በሃርድነር (ቀለሙን በኬሚካል ውህደት በሚያጠነክር ፈሳሽ) የሚደርቁና ኬሚካል ሟሟ ያለባቸው ናቸው። ቤዙ ራሱም ቢሆን ከውሃው ጋር አሥር በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሟሟ ይዟል። ስለዚህ ቢቀይሩም ቲነር ከጋራዥዎ አይወጣም፤ የሚቀንሰው መጠኑ ነው። አሁን ያለዎትን ክሊር በደረቀ የውሃ ቤዝ ላይ መርጨት በኬሚስትሪው የሚቻል ቢሆንም፣ ቤዙን የሠራው ፋብሪካ የሚያዝዘውን ክሊርና ሃርድነር ካልተጠቀሙ በኋላ ቀለሙ ቢነሳ ተጠያቂ የሚሆን አያገኙም።

ወንድምዎ የነገረዎት ቤዙን በተመለከተ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው መመሪያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ለመኪና ጥገና የሚሸጥ የላይኛው ቀለም፣ ለመረጨት በተዘጋጀበት ሁኔታ፣ በሊትር ከ420 ግራም በላይ ተናኝ ሟሟ እንዳይኖረው ገደበ፤ ለፕራይመርና ለፊለር ጣሪያው 540 ግራም ነው። የተለመደው የቲነር ቤዝ ከተቀጠነ በኋላ ከዚህ እጅግ ስለሚያልፍ የአውሮፓ ጋራዦች ምርጫ አልነበራቸውም። የሎስ አንጀለስ አካባቢ የአየር ጥራት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ተመሳሳይ ገደብ ጣለ። በአንጻሩ በመላው አሜሪካ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ ደንብ ላላ ያለ በመሆኑ በሌሎች በርካታ ግዛቶች የቲነር ቤዝ ዛሬም በሕጋዊ መንገድ ይረጫል። እነዚህ ገደቦች የወጡት ከተማ ላይ የሚቆየውን የብክለት ጭጋግ ለመቀነስ እንጂ ቀለሙ በመኪናው ላይ ይበልጥ እንዲበረታ ታስቦ አይደለም። ገርጂ ላይ ደግሞ አይሠሩም፤ እርስዎ የሚመርጡት በክፍልዎ፣ በአየርዎና በሠራተኛዎ ሁኔታ ነው።

ማስክ አያስፈልግም የተባለውን ጨርሶ አይቀበሉት፤ ከሰሟቸው ሁሉ አደገኛው እሱ ነው። የክሊሩ ሃርድነር አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል ከመኪና ቀቢዎች የሥራ አስም ዋና መንስኤዎች አንዱ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሠራተኛ ከዚያ በኋላ በጥቂት ብናኝ እንኳ ትንፋሹ ሊዘጋ ስለሚችል ሙያውን እስከ መተው ይደርሳል። ሽታው የሚሰማው ጎጂው መጠን ካለፈ በኋላ ስለሆነ አፍንጫ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። በአፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግም። ትክክለኛው መፍትሔ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ማስክ ነው፤ ያ እስኪገዛ ድረስ ለኦርጋኒክ ትነትና ለብናኝ የተሠራ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥምና ካርትሪጁ በጊዜው የሚቀየር ማስክ ዝቅተኛው መስፈርት ነው። የውሃው ቤዝ ብናኝም ቢሆን ሬዚን፣ ፒግመንትና ግላይኮል ኤተር የተባለ ሟሟ ስላለበት ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ኦቨን አያስፈልግም የሚለው ንግግር የሁለት ንብርብሮችን ባሕርይ ያቀላቅላል። ኦቨን በዋናነት የሚያስፈልገው ለክሊሩ ነው። ክሊር የላሜራው ሙቀት 60 ዲግሪ ደርሶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ይደርቃል፤ በክፍል ሙቀት ግን በአዝጋሚ ሃርድነር እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። ቤዙ ውሃም ሆነ ቲነር፣ ይህ አይለወጥም። መኪናውን በዕለቱ ማስረከብ ከፈለጉ የሚያዘገይዎት ክሊሩ ነው።

ቀለም አይገጥምም ስለተባለው፣ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የመኪና ፋብሪካዎች በውሃ ቤዝ መቀባታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ቀለሙን የሚጋግረው ወደ 140 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ የሚረጨውም በሮቦት ስለሆነ በሁለቱም መንገድ የሚሠራ ጋራዥ የሚያደርገው ማመሳሰል ነው። በቀለም ኮዱ 040 የተባለው የቶዮታ ነጭ በሁለቱም ያለ ችግር ይመጣል። 070 የተባለው ባለ ሦስት ንብርብር ዕንቁ ነጭ ደግሞ በሁለቱም ያስቸግራል፤ መሐል ላይ ያለው የዕንቁ ንብርብር በስንት ዙር እንደተረጨ ካርድ ላይ ሳይሞከር በቀጥታ መኪና ላይ መርጨት ሥራ መድገምን መጋበዝ ነው። የውሃው ቤዝ እውነተኛ ብልጫ ያለው በሜታሊክ ላይ ነው። ንብርብሩ ቀጭን ሆኖ ስለሚደርቅ የአሉሚኒየሙ ቅንጣት ጠፍጣፋ ይተኛል፤ የቀለሙ ጠርዝም በጣት የማይዳሰስ ስለሚሆን አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማዋሐድ ይቀላል። ይህ ብልጫ ግን የሚገኘው ቤዙ እንደሚገባው ሲደርቅ ብቻ ነው፤ የጥያቄዎ ልብም እዚህ ላይ ነው።

ቲነር በራሱ ይተናል። ፈጣን፣ መካከለኛና አዝጋሚ ቲነር የሚሸጠውም ቀቢው የአየሩን ጠባይ በቲነሩ ምርጫ እንዲያካክስ ነው። ውሃ ግን አየሩ ካልወሰደው አይሄድም። ሙቀት ብቻውን አይበቃውም፤ ደረቅ የሆነና በላሜራው ላይ የሚንቀሳቀስ አየር ይፈልጋል። የሐምሌ ልብስ በገመድ ላይ ሁለት ቀን ውሎ የማይደርቀው፣ የጥር ልብስ በንፋስ በሰዓት የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የአብዛኞቹ አምራቾች መመሪያ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀትና መካከለኛ የአየር እርጥበት ይጠይቃል። አዲስ አበባ በክረምት ከሰዓት በኋላ 15 ዲግሪና ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ብርቋ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቀን ማራገቢያዎ የሚያመጣው አየር ራሱ በውሃ የጠገበ ስለሆነ ቢነፍስም ብዙ አይጠቅምም። ያው አየር በናፍጣ ማሞቂያ 25 ዲግሪ ሲደርስ ግን እርጥበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከውጭ 85 በመቶ የነበረው 46 በመቶ አካባቢ ይሆናል። የተሟላ የመርጫ ክፍል ለውሃ ቀለም የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህ ነው፤ አቧራ መከላከሉ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

በ1ኤፍ7 ብርማ ቀለም የተቀባ የኮሮላ የኋላ በር እየተሠራ ነው እንበል። በቲነር ቤዝ ሦስት ዙር ይረጫል፤ በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀቢው ፈጠን ያለ ቲነር ይመርጣል። በውሃ ቤዝ የመጀመሪያው ዙር እርጥብ ሆኖ ይረጫል፤ ከዚያ በአየር ማድረቂያ ከጎን ይነፈሳል፤ በመጨረሻ ስፕሬይ ጋኑ (የመርጫ ሽጉጡ) ራቅ ብሎ አንድ ቀላል ዙር ለሜታሊኩ ይሰጣል። ሲደርቅ ከበሩ መሐል ጀምሮ ብልጭታው እየጠፋ ይደበዝዛል። የእጀታው ጎድጓዳ፣ የመስኮቱ ላስቲክ ሥርና የበሩ የታችኛው እጥፋት ግን ጠቆር ብለው ይቆያሉ፤ ውሃው የሚደበቀው እዚያ ነው። ቀቢው የበሩን መሐል አይቶ ደርቋል በማለት ክሊሩን ከደረበበት በዕለቱ ምንም አይታይም። በኋላ ግን ከእጀታው ዙሪያ ጥቃቅን ቀዳዳ ወይም ፊኛ ይወጣል፤ ጠጠር ሲመታውም ክሊሩ ከቤዙ ተላቆ ይነሳል። ይህን ያየ ደንበኛ ጥፋቱ የዝናብ ነው ቢባል አይሰማም።

በጥቅምትና በጥር መካከል ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሚሆን ብናኙ ላሜራው ላይ ሳያርፍ ይደርቅና ገጹ ሻካራ፣ ሜታሊኩም ደመና ደመና ይሆናል። ለዚህ አምራቾች ለደረቅ አየር የሚሆን አዝጋሚ ማቅጠኛ አላቸው፤ ነጋዴው እሱንም በቋሚነት ያቀርብ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በነገራችን ላይ ቲነሩም ከክረምት ነጻ አይደለም። በሐምሌ በፈጣን ቲነር የተረጨ ናይትሮ ነጭ ጉም የሚለብሰው፣ ቲነሩ ሲተን ገጹን አቀዝቅዞ ከአየሩ ጤዛ ስለሚስብ ነው። ልዩነቱ የቲነሩ ጥፋት ወዲያው ይታያል፤ የውሃው ግን መኪናው ከወጣ በኋላ መታየቱ ነው።

ስለ ኮምፕሬሰር ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚያስገባው አየርም በዚያው ልክ የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የፒስተን ኮምፕሬሰር ሳጥን ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚስበው መጠን እንጂ በቱቦው የሚወጣው አይደለም። አንድ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ስፕሬይ ጋን በደቂቃ 400 ሊትር ገደማ ሊወስድ ይችላል፤ በእጅ የሚያዝ የቤዝ ማድረቂያ ከዚህ የማይተናነስ ተጨማሪ አየር ይበላል። ሁለት ማድረቂያና አንድ ጋን ባንድነት ሲሠሩ አነስተኛ ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት ይሮጣል፤ ሲግል ደግሞ ውሃና ዘይት ወደ ቱቦው ይልካል። የውሃ ቤዝ ቲነሩ ከሚሸከመው ያነሰ ዘይት እንኳ ሲነካው ጎድጉዶ «ዓሣ ዓይን» የሚባል ክብ ጉድፍ ስለሚያወጣ፣ ደረጃ በደረጃ የሚያጣራ ፊልተርና የኮምፕሬሰሩን አየር ከእርጥበት የሚያደርቅ ማድረቂያ ሳይኖር መጀመር አይገባም። መብራት በሥራ መሐል ቢጠፋ ማድረቂያው፣ ማራገቢያውና ኮምፕሬሰሩ አብረው ስለሚቆሙ፣ ሦስቱን የሚሸከም ጄኔሬተር ከወጪው ጋር ይታሰብ።

የማከማቻው ነገር አጭር ቢሆንም የሚያከስር ነው። የውሃ ቀለም ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ አንድ ጊዜ በረዶ ከሠራ ቢሞቅም አይመለስም። ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ወደ ታችኛው ወሰን፣ በቀን ደግሞ ወደ ላይኛው ሊጠጋ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ጋራዥ ቢሆኑ ይህ ነጥብ ብቻውን ይበቃዎት ነበር። ማቅጠኛውም የአምራቹ ብቻ ይሁን። የቧንቧ ውሃ በማዕድኑ ቀለሙን ሊያበላሽ ይችላል፤ ከባትሪ ውሃ ጋር መሞከርም ዋስትና የሌለው ቁጠባ ነው። ቲነር ከገባበት ቤዙ ወዲያው እንደ እርጎ ስለሚቋጠር ጋኖቹ መለየት አለባቸው፤ የውሃው ጋን የውስጥ መተላለፊያ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ይሁን።

ዋጋን በሊትር አያወዳድሩ። የቲነር ቤዝ እስከ እኩሌታ ቲነር ይገባበታል፤ የውሃው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ይቀጥናል፤ በአንጻሩ የውሃው በጥቂት ዙር ይሸፍናል። ትክክለኛው ስሌት አንድ በር ለመጨረስ የሄደው ቤዝ፣ ማቅጠኛ፣ ኤሌክትሪክና ሰዓት ተደምሮ ነው። ከዋጋውም በላይ የሚያሳስበው አቅርቦት ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አስመጪዎች የሚያመጡት ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ከቀለም መቀላቀያው አንድ ቶነር (ሌሎች ቀለሞች የሚቀየጡበት መነሻ ቀለም) ቢጎድል በዚያ ቶነር የሚሠሩት ቀለሞች ሁሉ ይቆማሉ፤ የአንዱን ብራንድ ቶነር በሌላው መተካት ደግሞ አይቻልም።

ለውሃው ቀለም የምሰጠው ከሁሉ የጠነከረ ድጋፍ ነጋዴው ያላነሳው ነው፤ እሱም እሳት ነው። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተኝቶ ወደ ጉድጓድና ወደ ጎረቤት ክፍል ይሄዳል። ብየዳ፣ ግራይንደርና መርጫ በአንድ ግቢ በሚሠሩበት ጋራዥ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። ተራ ማራገቢያም ሞተሩ ትነቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆነ ራሱ ፍንጣሪ ይሰጣል። ስለዚህ ቀለምዎን ባይቀይሩም የማራገቢያውን ሞተር ከአየሩ መንገድ ማውጣት፣ በሚረጭበት ሰዓት ብየዳ ማቆምና በቲነር የራሰ ጨርቅ በክዳን ብረት ዕቃ ማስቀመጥ ከዛሬ የሚጀመር ሥራ ነው።

እንግዲህ የማዝዘው ይህ ነው። አንደኛ፣ ናይትሮን ያቁሙ። በሃርድነር ስለማይደርቅ የነዳጅ ጠብታ ያነሳዋል፤ ሃርድነር ያለው ቀለም ሲደረብበትም ሊሸበሸብ ይችላል። የሚመጣው አሮጌ መኪና ናይትሮ የተቀባ መሆኑን ለማወቅ በማይታይ ቦታ በቲነር የራሰ ነጭ ጨርቅ ይያዝበት፤ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ ያ ንብርብር መነሳት አለበት። ሁለተኛ፣ ሥራውን ሁሉ ወደ አንድ አስተማማኝ ብራንድ የቲነር ቤዝና ጠጣር ይዘቱ ከፍ ወዳለ ክሊር ያምጡ፤ ይህ ብቻውን በመኪናው ላይ የሚተነውን ሟሟ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ለውሃ ቀለም መቀላቀያ ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያ በአየር ላይ ያውሉት፤ በቂ ኮምፕሬሰር፣ ፊልተርና ማድረቂያ፣ አየር የሚቀበል ማስክ፣ ከዚያም ማሞቂያና የተጣራ አየር ያለው የተዘጋ ክፍል። እነዚህ ለሁለቱም ቀለም ስለሚሠሩ የሚባክን የለም። ክፍሉ ሲጠናቀቅ፣ ቶነር በቋሚነት የሚያቀርብ ነጋዴ ሲገኝና ቢያንስ አንድ ቀቢ በአምራቹ ሲሠለጥን ያኔ ይቀይሩ። የተሟላ ክፍል ኖሯቸው በኢንሹራንስ ውል አዳዲስ መኪና የሚሠሩ ጋራዦችን ግን አሁኑኑ ቀይሩ እላቸዋለሁ።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ይጨመሩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ቀለም ቤቶች መምጣቱ እየበዛ ነው። እነዚህን ኦቨን ውስጥ ከማስገባት በፊት አምራቹ ለባትሪው የፈቀደው ሙቀትና የቆይታ ጊዜ ይነበብ። በጥቂት ፓኔል ላይ ለሚሠራ ሥራ የኢንፍራሬድ መብራት ከኦቨን ይሻላል። ሌላው ቆሻሻ ነው፦ የውሃ ቀለም እጣቢ ውሃ ስለሆነ ብቻ ወደ ቦይ አይደፋም። ጠጣሩን በሚያቋጥር ዱቄት ተለይቶ ዝቃጩ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከቲነር ቆሻሻ ጋርም አይቀላቀልም።

ነጋዴው አሁንም ከገፋ አንድ ነገር ይጠይቁት። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ በእርስዎ ክፍል፣ በእርስዎ ኮምፕሬሰር፣ በእርስዎ ቀቢ እጅ ከወዳደቀ መኪና የተፈታ አንድ ብርማ በር አስረጭቶ ያሳይ። በሩ ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ በእጀታው ጎድጓዳ አጠገብ በስለት እስከ ላሜራው ድረስ መስቀለኛ መስመሮች ይጫሩበት፤ ጠንካራ ቴፕ ተለጥፎ በአንድ ጊዜ ይነቀል። ቴፑ ቀለም ይዞ ከተነሳ ውሉን አይፈርሙ።